የፀጉር ዘይት ሴረም ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ ወተት ሲናጥ እያየ ያደገ ሰው አጓትን ያውቃል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የተረፈው አሬራ እሳት ሲነካው አይቡ ይረጋል፤ ከአይቡም ተለይቶ ጠራ ያለ፣ ቢጫ ቢጤ ውሃ ይቀራል። «ሴረም» የሚለው ቃል በላቲን ትርጉሙ ይኸው አጓት ነው። ሐኪሞች ደም ሲረጋ ተለይቶ የሚቀረውን ፈሳሽ በዚሁ ስም ጠሩት። የመዋቢያ አምራቾችም በኋላ በትንሽ ጠርሙስ እየተሞላ በጠብታ ለሚቀባ ፈሳሽ ሁሉ ስሙን ሰጡት።

ስሙ ከአጓት ይምጣ እንጂ፣ ዛሬ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር የመዋቢያ ሱቆች ለሚንጨባረር ፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ሴረም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም። ዋና ይዘቱ ዳይሜቲኮንና መሰሎቹ፣ ማለትም የሲሊኮን ዘይቶች ናቸው። በቤት የሚዘጋጀው ደግሞ በሲሊኮኑ ቦታ ከዘር ወይም ከፍሬ የተጨመቁ ዘይቶችን ያስገባል። እንግዲህ የዘይት ሴረም ማለት ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ዘይት ተደባልቆ፣ ታጥቦ ገና እርጥበቱ ባልጠፋ ፀጉር ላይ በጥቂት ጠብታ የሚቀባ ቅባት ነው። ሥራው እርጥበት መስጠት ሳይሆን ያለውን እርጥበት መያዝ ነው። ለምጣድ አክንባሎ እንደ ማለት ነው፤ አክንባሎው እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል እንጂ ሊጥ አይሆንም።

ይህችን ነገር አጥብቄ የምናገረው «ዘይት ተቀብቼ ፀጉሬ ይባስ ደረቀ» የሚሉ እህቶችን ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። ዘይቱን የቀቡት በደረቀ ፀጉር ላይ ነው። ባዶ ምጣድ ላይ አክንባሎ ቢደፉ እንጀራ አይወጣም።

ፀጉር ለምን ይንጨባረራል ወደሚለው ከመሄዳችን በፊት ስሞቹን እንለይ። አማርኛ ለፀጉር ብዙ ቃል አለው፤ ሉጫ፣ ዞማ፣ ከርዳዳ፣ ጨብራራ። ሉጫ፣ ዞማና ከርዳዳ የተፈጥሮ ስሞች ናቸው፤ ሰው ይዟቸው ይወለዳል። ጨብራራ ግን የሁኔታ ስም ነው። ዞማም ይንጨባረራል፣ ከርዳዳም ሥርዓት ይይዛል። ከርዳዳ ፀጉር በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ከርዳዳውን ዞማ አደርጋለሁ የሚል ዘይት ካጋጠመ ሻጩ እያታለለ ነው፤ የትኛውም ዘይት የፀጉርን ቅርጽ ከሥሩ አይለውጥም። ሴረም የሚረዳው መንጨባረሩን ነው።

አንዷን የፀጉር ዘለላ አጉልተን ብናይ ላይዋ በቀጫጭን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ከሥር ወደ ጫፍ እየተደራረቡ የወረዱ ናቸው፤ ልክ የሣር ቤት ክዳን ከጉልላቱ ወደ ታች እየተደራረበ እንደሚወርደው። ክዳኑ ደህና ሲሆን ዘለላዋ ትለሰልሳለች፣ ታበራለች፣ ከጎረቤቷም ጋር አትያያዝም። ክዳኑ ሲነሣ ግን ጫፎቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ውሃም እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። በውስጥ ያለው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን በጣም ደካማ በሆኑ፣ ውሃ በሚፈታቸው ማያያዣዎች የተያዘ ነው። ፀጉር ሲታጠብ ማያያዣዎቹ ይፈታሉ፣ ሲደርቅ በያዘው ቅርጽ እንደገና ይታሰራሉ። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ማንም ውሃ ሳያፈስበት ፀጉሩ ከአየር እየጠጣ ይፈታል። ፀጉር እጅግ እርጥብ በሆነ አየር ውስጥ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። አንዷ ዘለላ ብዙ፣ ሌላዋ ጥቂት ስትጠጣ አንዷ ትጠመዘዛለች፣ ሌላዋ ትነሣለች። ሰኔ ገብቶ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ጠዋት የተሠራ ፀጉር እኩለ ቀን ሳይደርስ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርፊቱን ምን ያነሣዋል? ፀሐይ፣ የካስክና የፎን ሙቀት፣ ቀለም፣ ማስለስለሻ ኬሚካል፣ በደረቁ ማበጠር። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙና አልካሊነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ቅርፊቱን ያስነሣል፣ ተፈጥሮ የሰጠችውንም ስስ የቅባት ሽፋን ያጥባል። በልብስ ሳሙና እየታጠበ ላለ ፀጉር ሴረም መቀመም ክዳኑ በተነቀለ ቤት ውስጥ ወለል እንደ መለቅለቅ ነው። መጀመሪያ ሳሙናው ወደ ሻምፖ ይለወጥ። ሌላም አለ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፀጉር ጫፉ የሁለት ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው። ያ ጫፍ ያን ሁሉ ፀሐይና ማበጠሪያ ያሳለፈ ነው። ሕይወት ስለሌለው ራሱን አይጠግንም። ከተሰነጠቀ የሚያሻው መቀስ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሁሉ በሌላ ስም ያውቁት ነበር። ለጋ ቅቤ፣ አደስ ገብቶበት ሽታው ያማረ፣ ታጥቦ በተበጠረ ራስ ላይ ይደረግ ነበር። የፀሐይና የገላ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ እየቀለጠም በሹሩባው መካከል ይወርዳል። እናቴ ፀጉሬ ሲቆምብኝ ካየች እስከ ዛሬ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጄ፣ አርጥበሽ ነው ወይስ በደረቁ ነው የተቀባሽው?» የሴረም ዕውቀት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። ታዲያ ቅቤው ካለ ሴረም ለምን አስፈለገ? ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተት ቅሪት አለ፤ በዚያ ምክንያት ቶሎ ይበስላል፣ ይሸታል። ይከብዳልም። ሥራ ቦታ፣ ክፍል ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ለሚውል ሰው አይመችም። ቅቤን ለሳምንት መጨረሻ፣ ከመታጠብ በፊት ለሚደረግ ቅባት አቆየዋለሁ፤ ሴረምን ለሥራ ቀን።

ዘይቱን መምረጥ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ተፈጥሯዊ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ነው። አንድ አይደለም። ከኑጉ እንጀምር፤ የጎጃም ልጅ ሆኖ ከኑግ የማይጀምር የለም። በመስከረምና በጥቅምት ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው እሱ ነው፣ ዘይቱም ከየቤቱ አይጠፋም። ለፀጉር ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አላደርገውም። የኑግ ዘይት አብላጫው ሊኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው፤ ይህ ዓይነት ዘይት አየር ሲያገኘው ቶሎ ይለወጣል፣ እየቆየም ይጣበቃል። ለቀለም ሥራ የሚፈለገውም ለዚሁ ጠባዩ ነው። ፀጉር ላይ ሲሰነብት ያጣብቃል፣ ትራስ ላይ ሽታው ይቀራል። ተቆልቶ የተወቀጠ ከሆነ ደግሞ የወጥ ሽታ አለው። ሌላ ከሌለ ትኩስ ተጨምቆ፣ በትንሹ፣ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ብቻ ይዘጋጅ።

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ሰሊጡን ለብቻው እናውጣው። የሰሊጥ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቁት ነገሮች በተፈጥሮው አሉት። ሳይቆላ የተጨመቀው ሽታው ቀላል ነው። የወይራ ዘይትም በየመድኃኒት ቤቱ በትንሽ ጠርሙስ ይገኛል፤ እሱም ለመሠረት ጥሩ ነው። የኮኮናት ዘይት የተለየ ነው፤ ወደ ዘለላው ውስጥ ከሚዘልቁት ጥቂት ዘይቶች አንዱ ነው። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍ አበባንና የማዕድን ዘይትን አነጻጽሮ፣ የፀጉርን የፕሮቲን ብክነት የቀነሰው ኮኮናት ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ችግሩ ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ መርጋቱ ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ደብረ ማርቆስ ጠዋት ላይ እንደ ሻማ ይጠነክራል። ስለዚህ ጥቂት ብቻ ይግባ። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፤ ሽፋኑን ያጠነክራል፣ ማንጸባረቅም ይሰጣል፣ ሲበዛ ግን ፀጉሩን ሙጫ ያስመስለዋል። አደራ፣ ጉሎን ከጓሮ ለቅሞ እቤት መጭመቅ አይሞከር። ፍሬው ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለው። ተጣርቶ ለመዋቢያ ወይም ለመድኃኒት የታሸገው ይገዛ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። 4 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የጉሎ ዘይት። የቫይታሚን ኢ እንክብል ከተገኘ ሁለቱን በመርፌ ወግቶ መጨመር ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ሽታ ለሚወድ የጥብስ ቅጠል በጣም ይስማማል፤ ግን ቅጠሉ በጥላ ሥር ደርቆ እንክት እንክት የሚል መሆን አለበት። አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል ከሰሊጡ ዘይት ጋር በብርጭቆ ዕቃ ይደረግና፣ ዕቃው ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ድስት ውስጥ ተቀምጦ በዝግታ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ዘይቱ ፈጽሞ እሳት ላይ ብቻውን አይጣድ። ሲበርድ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለልና ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል።

ደረቅ ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ቅጠሉን አጥቤ እርጥቡን ጨመርኩት። ጠርሙሱ አምሮ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱ ደፈረሰ፣ ከሥሩም ሻጋታ ያዘ። ዘይት ውስጥ የገባ ውሃ ለሻጋታና ለባክቴሪያ ቤት ነው። በዚሁ ምክንያት የተፈጨ አቮካዶ፣ የእሬት ውሃ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል ጠርሙሱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አቮካዶ ከቆጋ መስኖ አካባቢ በብዛት ይመጣል፣ ለፀጉርም ተቀብቶ በዚያው ሰዓት የሚታጠብ ከሆነ ደግ ነው፤ በዘይት ውስጥ ግን ይበሰብሳል። ግሊሰሪንም አይጨመር። ከዘይት ጋር አይዋሃድም፣ ጠባዩም ውሃ መሳብ ነው፤ አየሩ እርጥበት ሲያጣ ከፀጉሩ ይስባል፣ ጉም ሲሆን ደግሞ ከአየሩ ስቦ ፀጉሩን ያሳብጠዋል።

አቀባቡ ከአሠራሩ ይበልጣል። ፀጉሩ ከታጠበ በኋላ በፎጣ አይታሽ፤ ባረጀና በለሰለሰ ነጠላ ጨብጦ ጨብጦ ውሃውን ማውጣት ይሻላል። እርጥበቱ ሳለ ለአራት ይከፈል። ትከሻ ለሚደርስ ስስ ፀጉር ከ3 እስከ 5 ጠብታ ይበቃል፤ ጥቅጥቅ ላለ ከርዳዳ በእያንዳንዱ ክፍል 3 ጠብታ። ጠብታው መዳፍ ላይ ይታሻል፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ላይ ይቀባል፣ የራስ ቅል ቆዳው ሳይደረስበት ይቆማል። ከዚያ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ወይም በጣት ተለይቶ ይጎነጎናል አለዚያም እንዳለ ይተዋል። ሴረም ተቀብቶ ወዲያው ፀጉርን በጋለ ብረት መተኮስ አይገባም፤ ዘይቱ ይግላል፣ ፀጉሩንም ይጎዳል። ማታ የሳቲን ሻሽ ማሰር የትራሱን ፍትጊያ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ ከጠብታው በላይ ይጠቅማል።

ፎረፎር ያለበት ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት የሚመገብ ስለሆነ ዘይት ቆዳው ላይ ማብዛት ለእሱ ድግስ ነው። ራስ ላይ ክብ ሆኖ የሚመለጥ፣ የሚያሳክክ ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ጠርሙሱን ትቶ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። አጥብቀው በሚጎነጉኑ ልጆች ግንባር ዙሪያ የሚቆመው አጭር ፀጉርም መንጨባረር ሳይሆን መሰበር ነው፤ የሚድነው ጉንጉኑ ሲላላ ነው። ማንኛውም አዲስ ድብልቅ በክንድ መታጠፊያ ላይ ተቀብቶ አንድ ቀን ቢጠበቅ መልካም ነው፤ ካቃጠለ ወይም ካሳከከ አይደረግ።

ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ ይሁን። የሽሮፕ ጠርሙስ ታጥቦ፣ በፈላ ውሃ ተለቃልቆ፣ አንዲት የውሃ ጠብታ እስከማትቀርበት ድረስ በፀሐይ ከደረቀ ይበቃል። ከመስኮትና ከምድጃ ይራቅ። የተሠራበት ቀን በወረቀት ይለጠፍበት፤ ከሁለት ወር በላይ አላቆየውም። ሲከፈት የበሳል ቅቤ ሽታ ከሸተተ ይደፋ። ኅዳር አልፎ ደረቁ ነፋስ ሲነሣ የጉሎውን ማንኪያ አንድ እጨምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ወደ መጀመሪያው መጠን እመልሰዋለሁ።