በሉርድ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

እመቤታችን ማርያም በተገለጠችባት፣ ፈረንሳይ አገር ባለችው ሉርድ የደረሰ መንፈሳዊ ተጓዥ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ በፊት የሚሰማው ድካም ነው። አውሮፕላኑና ረጅሙ ባቡር አልፈው ወደ መቅደሱ ሲያመራ ደግሞ የመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ ነው፤ በእመቤታችን ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይቀር ይሸጥበታል። በመጨረሻ መገለጡ በሆነበት በማሳቢየል ዋሻ ፊት ይቆማል። ዓለቱን ያያል፣ የጋቭ ወንዝን ድምፅ ይሰማል፣ ልቡ ግን ደርቋል። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት ለዚህ ነው?» ይላል። ብዙዎች ይህን ለማንም አይናገሩም፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ማንሳት ይጀምራሉ።

እንዲህ ያለ ተጓዥ እመቤታችን የተገለጠችላትን የቅድስት ቤርናዴትን የመጀመሪያ ቀናት ቢያስብ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858 የ14 ዓመቷ ቤርናዴት ሱቢሩ ከእኅቷና ከጓደኛዋ ጋር የወጣችው እንጨት ለመልቀም ነበር። ቤተሰቧ ከድህነት የተነሣ ቀድሞ እስር ቤት በነበረ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር፤ እርሷም አስም ነበረባት። በዓለቱ ክፍተት ነጭ የለበሰች እመቤት ባየች ጊዜ ደንግጣ መቁጠሪያዋን ከኪሷ አወጣች። ልታማትብ ብትሞክር ግን እጇ ግንባሯ ላይ አልደርስ አላት። የተፈታላት እመቤታችን ራሷ ካማተበች በኋላ ነው። መቁጠሪያዋን ደግማ ስትጨርስ እመቤታችን ተሰወረች። አንድም ቃል አልነገረቻትም።

በሁለተኛው ጊዜም ቃል አልነበረም። ፌብሩዋሪ 18 ቀን፣ በሦስተኛው፣ ወረቀትና ብዕር ቢቀርብላት እመቤታችን ፈገግ ብላ የምትናገረው መጻፍ እንደማያስፈልገው ገለጸች። ከዚያም ለ15 ቀናት ወደዚያ ለመምጣት ፈቃዷ ይሆን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ያችን ድሃ ልጅ፣ በአክብሮት። ደስታን በዚህ ዓለም ሳይሆን በሚመጣው እንደምትሰጣት ነገረቻት። ቤርናዴት ቃሏን ጠብቃ ብትመላለስም ፌብሩዋሪ 22 ቀን ዋሻው ፊት ተንበርክካ ምንም ሳታይ ተመልሳለች። እመቤታችን ራሷ የጠራቻት ልጅ ባዶ ቀን ከገጠማት እኛ በደረስንበት ማታ ቅር መሰኘታችን ምን ይባላል?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለአንድ ነገር ብቻ ብንሰጠው ይበቃል፤ ማማተብን ለመማር። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በችኮላ የምናማትብ ብዙዎች ነን። ቤርናዴት ግን ኋላ በኔቨር ገዳም መነኩሲት ሆና ስትኖር አማተቧ እኅቶቿን ያስደንቃቸው ነበር። ዋሻው ፊት ቆመን እጃችንን ከግንባር ወደ ደረት፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ በዝግታ እያሳለፍን አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን እንጥራ። መርሐ ግብር አውጪዎች ይቅር ይበሉኝና፣ በአንድ ቀን አምስት ቦታ የሚያስጎበኝ ዝርዝር ለዚህ ጊዜ አይተውም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ውሃው እንሄዳለን። ፌብሩዋሪ 25 ቀን እመቤታችን «ከምንጩ ጠጪ፣ ታጠቢበትም» ስትላት ቤርናዴት ምንጭ ስላላየች በመጀመሪያ ያመራችው ወደ ወንዙ ነበር። እመቤታችን ወደ ዋሻው ውስጥ አመለከተቻት። መሬቱን በእጇ ብትጭር ጭቃ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደፍታ በአራተኛው ጠጣች፤ ፊቷ ጭቃ ለብሶ ያያት ሕዝብ አበደች አለ። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስትጠየቅ «ስለ ኃጢአተኞች» ብላ መለሰች። ዛሬ ጥርት ብሎ የሚፈስሰው ያ ውሃ ነው። የሶርያው ንዕማንም ኤልሳዕ ወጥቶ እጁን በላዩ የሚያወዛውዝለት መስሎት ነበር፤ ሂድና በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ቢባል ተቆጥቶ ሊመለስ ነበር (2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5)። ውሃውን አስማት አድርገን አንቁጠረው። እጅና ፊት ታጥበን፣ ጥቂት ጠጥተን፣ ከዚያ ወደ ምስጢረ ንስሐ መሄድ ይገባናል። ከቡድኑ ጋር ካህን ካለ ኑዛዜውን እስከ መጨረሻው ቀን አናቆየው፤ ያኔ ሁሉም ሻንጣ ይዞ ይሰለፋል።

ቤተ ክርስቲያንም በሉርድ ጉዳይ አልቸኮለችም። ሉርድን የሚያስተዳድሩት የታርብ ጳጳስ መገለጡን ያጸደቁት ከምርመራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈወስን ቢሉም ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለቻቸው ከመቶ ያንሳሉ። የሚበልጡት ሕሙማን እንደታመሙ ይመለሳሉ፤ ሆኖም በሉርድ የፊተኛው ስፍራ የእነርሱ ነው። በማታው የሻማ ዑደት እየዘመርን ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ኋላ እንሂድ።

ከአገር ቤትም ሆነ ከምንኖርበት ከተማ ስንነሣ «በጸሎት አስበኝ» ያሉን ሰዎች ዝርዝር በኪሳችን አለ። የራሳችን ጸሎት አልወጣ ሲል እርሱን አውጥተን፣ ስም በስም፣ በዋሻው ፊት እናንብበው። ካለቀ እንደገና ከላይ እንጀምር።