የማገገም መሠረት ምንድን ነው? ጫትና መጠጥ ላቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ጅማ ውስጥ ጫት ያቆመ ሰው ዋናው ፈተና የሚጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ምሳ ተበልቷል፣ ጓደኞች በርጫ (አብሮ መቃሚያ) ይዘዋል፤ እሱ ግን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የት እንደሚውል አያውቅም። የማገገም መሠረት የምንለው በዋናነት ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነው፦ ሱሱ ይዟቸው የነበሩት ሰዓታት፣ ገንዘቡና ሰዎቹ በምን እንደሚተኩ አስቀድሞ መወሰን፣ ከዚያም ቢያንስ ለሦስት ወር በውሳኔው መኖር። መሐላ ያስጀምራል። በጽኑ የማሉ ሰዎችም ግን ከሰዓቱ ባዶ ሲሆንባቸው ሲመለሱ እናያለን።

ከዚያ በፊት ግን መጠጥን የሚመለከት የደኅንነት ጉዳይ አለ። ጫት በአንድ ጊዜ ቢቆም ያስጨንቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። ለወራት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ሊጀምረው ይችላል። የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሊከተል ይችላል። መቃዠት፣ ሰውንና ቦታን መለየት አለመቻል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ይመጣል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። አንጎል የአልኮልን የማደንዘዝ ኃይል ለመቋቋም ራሱን አነቃቅቶ ስለለመደ፣ አልኮሉ በድንገት ሲጠፋ መነቃቃቱ ልጓም ያጣል። በሆስፒታል ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ተሰጥቶ መጠኑ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቫይታሚን ቢ1ም አብሮ ይሰጣል።

ይህን የምናስቀድመው ብዙ ቃሚ ራሱን ጠጪ አድርጎ ስለማይቆጥር ነው። ማታ ማታ ምርቃናውን (የጫቱን መነቃቃት) ለመስበር የሚወስዳት ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የምትጠጣ መጠጥ፣ በጊዜ ብዛት የዕለት መጠጥ ትሆናለች፤ ሐኪም ሲጠይቀው ግን የሚናገረው ስለ ጫቱ ብቻ ነው። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና አረቄ ሲቀምስ የሚረጋጋ ሰው ቤቱ ተኝቶ ብቻውን ለማቆም አይሞክር። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታይ፤ የሚጠጣውንም በመለኪያና በጠርሙስ ቆጥሮ ይናገር። ለእንቅልፍ ብሎ ዳያዜፓም ከመድኃኒት ቤት በራሱ መግዛት ሌላ ሱስ ያስጀምራል፣ ከመጠጥ ጋር ሲወሰድ ደግሞ ትንፋሽ ያፍናል።

ጫት ሲቆም የሚመጣው ሌላ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን ያነቃቃል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሲቀር ሁሉም ይገለበጣል፦ ድካም፣ እንቅልፍ፣ ንጭንጭ፣ ድብርት፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ (የሚያስጨንቅ ቅዠት)። ለብዙዎች ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ዱካኩና ንጭንጩ በአንድና ሁለት ሳምንት ይቀላል፣ የስሜትና የጉልበት መመለስ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ችግር የሚፈጠረው ሰውየው ይህን ጊዜያዊ ድብርት እንደ እውነተኛ ማንነቱ ሲያየው ነው፤ «ያለ ጫት ሥራ አልችልም» ይልና ይመለሳል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማው ግን ጊዜ ይፈታዋል ብሎ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሀራራ (የሱሱ ጥም) እንደ ማዕበል ተነሥቶ ይወርዳል፤ ካልመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውኃ መጠጣት፣ ቦታ መቀየር፣ ለአንድ ሰው መደወል ይበቃል። ይሁንና በጀማሪው ላይ ሀራራ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ረሃብ ነው፤ ለዓመታት በጫት የተዘጋ ሆድ አሁን ምግብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቁርስ አይታለፍም፣ በ10 ሰዓት ገደማ መክሰስ ይበላል። ኦቾሎኒና ለስላሳ የበርጫው አጃቢዎች ስለነበሩ ለጊዜው ቢቀሩ ይሻላል። ቡና ከቀትር በፊት ይጠጣ፤ ከዚያ ወዲያ ገና ያልተስተካከለውን እንቅልፍ ይረብሻል። ሲጋራን ከጫት ጋር ብቻ ያጨስ የነበረ ሁለቱንም አብሮ ያቁም፤ አንዱ ሌላውን ይጠራልና።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በጅማ የጫት መሸጫን ፈጽሞ ሳያዩ መሄድ ስለማይቻል፣ «አልሄድበትም» ከማለት «በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ወዴት እሄዳለሁ» ብሎ መወሰን ይበጃል። ከ8 እስከ 12 ያለው ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፍ፦ መጀመሪያ ከሰው ጋር የሚሠራ ሥራ፣ ቀጥሎ ሰውነትን የሚያደክም ነገር፣ ለምሳሌ በጅሬን መንገድ ሽቅብ በእግር መውጣት። የተከራየው ክፍል ራሱ መቃሚያ ከነበረ ፍራሹ ቦታ ይቀየር፣ ሺሻው ከቤት ይውጣ። ተማሪ ደግሞ ዋናውን ጥናት ወደ ጠዋት ያዙር፤ ሌሊቱን በጫት ማጥናት የለመደ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ላይ አይታዘዝም።

የደመወዝ ቀን ከሌሎች ቀናት ሁሉ የከፋ ነው። ብሩ እጅ በገባ በሰዓታት ውስጥ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብና አስቤዛ ይከፈል፤ የተረፈው ለሚስት፣ ለእናት ወይም ለእህት ይሰጥ። ኪስ ውስጥ የባጃጅ ብቻ ይቅር። ጥሬ ገንዘቡን አስረክበው ቴሌብሩን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ለጋባዥ «ዛሬ አልችልም» ማለት ነገን ያስጠብቃል፤ «አቁሜያለሁ» ብሎ ወሬ መቀየር ይሻላል። ከለቅሶ ቤትና ከዱዓ ግን መቅረት አይቻልም። እዚያ ቀድሞ ደርሶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ውኃ አቅርቦ፣ ጫቱ ሳይዘረጋ መውጣት ይቻላል፤ ከማይቅም ሰው ጋር መሄድ ደግሞ የበለጠ ያግዛል። ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። በየምሽቱ «ቃምክ ወይ?» እያሉ ዓይን ማየት ሰውየውን ውሸት ያስለምደዋል፤ «ከሰዓቱ እንዴት አለፈ?» የሚለው ጥያቄ ያናግረዋል። በድብቅ የሚቅሙ ሴቶች እርዳታ ለመጠየቅ መጀመሪያ ምስጢሩን መግለጥ ስላለባቸው ሸክማቸው ድርብ ነው፤ የሚሰማቸው አንድ ሰው ሊነቅፋቸው አይገባም።

ረመዳንን ወይም ጠበልን ተጠግተው የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ጥሩ መነሻ ነው። የሚፈርሰው ግን ከዒድ በኋላ ወይም ከጠበል ተመልሰው ሰፈር በገቡበት ሳምንት ነው። የዚያ ሳምንት ከሰዓቶች ገና ሳይመለሱ መታቀድ አለባቸው።

አንድ ቀን የተንሸራተተ ሰው «በቃ ተበላሸ» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ እንዳይቅም፣ የተረፈውን ጥሎ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ከዚያም ያለፉትን ሦስት ቀናት ይመርምር። ያልበላበት፣ የተጣላበት፣ ብር የያዘበት ወይም ብቻውን የዋለበት ሰዓት እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ ዕቅዱም እዚያ ላይ ይስተካከል። በመጠጥ ላይ ጥንቃቄው ይበረታል፦ ለሳምንታት የራቀ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም፣ ያንኑ ያህል ቢጠጣ ራሱን ሊስት ይችላል። ለቀናት በተከታታይ ከጠጣ ደግሞ እንደገና ለማቆም ቤት አይተኛ፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ወደ ሐኪም ይሂድ።