በአይስ ሆኪ አይሲንግ የሚባለው ሕግ እንዴት ይሠራል?

አይስ ሆኪን አዲስ የሚያይ ሰው ቶሎ ግራ የሚጋባበት ፊሽካ አለ። አንድ ተጫዋች ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ በዱላው መትቶ እስከ ወዲያኛው የሜዳ ጫፍ ይልካታል። የተገፋ የለም፣ የወደቀ የለም። ጨዋታው ግን ይቆማል። ይሄ ነው አይሲንግ።

መሀል ላይ ሜዳውን ለሁለት የሚከፍል ቀይ መስመር አለ። ተጫዋቹ እዚህ መስመር ላይ ሳይደርስ ፓኳን ከለጋት፣ እሷም ማንም ሳይነካት የተጋጣሚን የጎል መስመር ካለፈች አይሲንግ ነው። ጨዋታው የሚቀጥለው ጥፋቱን ከሠራው ቡድን በረኛ አጠገብ ካሉት ክቦች በአንዱ ነው። ዳኛው እዚያ ፓኳን በሁለት ተጫዋቾች መሀል ይጥላል። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ሜዳው 61 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያን ሁሉ መንገድ ያባረሯት ፓክ ተመልሳ ደጃፋቸው ላይ ትመጣለች ማለት ነው። ተጫዋቾች ቀዩን መስመር እስኪረግጡ ታግሠው ከዚያ በኋላ የሚለጉትም ለዚህ ነው።

ሕጉን የወለደው መሰልቸት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እየመራ ያለ ቡድን ሰዓት ለመግደል ፓኳን ባገኛት ቁጥር ወደዚያኛው ጫፍ ይጠልዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ኒውዮርክ አሜሪካንስ ቦስተን ሄዶ መሪነቱን ለማስጠበቅ 61 ጊዜ እንዲህ እንዳደረገ ይነገራል። ቦስተን ብሩይንስ ቂሙን አልረሳም። በሚቀጥለው ጨዋታቸው 87 ጊዜ ጠለዘ፣ ውጤቱም 0 ለ 0 ሆነ። ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ተመልካች ምን እንዳየ አስቡት። ኤንኤችኤል ሕጉን ያወጣው በ1937 ነው።

ሕጉ የማይሠራባቸው ጊዜያት አሉ። ዋናው በቅጣት ምክንያት በሰው ቁጥር ያነሰ ቡድን ነው። እሱ እንዳሻው መጠለዝ ይችላል። በአሜሪካ ግን ከ2017 ጀምሮ 14 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ይህ ፈቃድ ተነሥቷል፤ ልጆቹ ከመጠለዝ ይልቅ ፓኳን መያዝና ማቀበል እንዲለምዱ ነው። ጥሩ ውሳኔ ይመስለኛል። ፓኳ በቀጥታ መረብ ውስጥ ከገባች ደግሞ አይሲንግ የለም፣ ጎል ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ የነበረው ፊሽካው መቼ ይነፋ በሚለው ላይ ነው። በድሮው የኤንኤችኤል አሠራር ተከላካዩ ሄዶ ፓኳን መንካት ነበረበት። አጥቂው ቀድሞ ከነካት ጨዋታው ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ባለ በሌለ ኃይላቸው ወደ ግድግዳው ይሽቀዳደማሉ። ከጎል መስመሩ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት 3 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፤ በዚያ ፍጥነት መቆሚያ የለውም። በጥር 1990 የዝሊን ቡድን ተጫዋች ሉዴክ ቻይካ በቼኮዝሎቫኪያ ሊግ በእንዲህ ዓይነት ሩጫ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ነፍሱን ሳያውቅ ቆይቶ በየካቲት አረፈ። በ2008 የሚኒሶታው ኩርቲስ ፎስተር የጭኑ አጥንት ተሰበረ፣ በ2013 ደግሞ የካሮላይናው ዮኒ ፒትካነን ተረከዙ። ያን ጊዜ ብዙ ሊጎች ፓኳ መስመሩን እንዳለፈች ፊሽካ መንፋት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ኤንኤችኤል በ2013 የመረጠው መካከለኛውን መንገድ ነው። ሩጫው ግድግዳው ጋ ሳይሆን ከጎሉ ግራና ቀኝ ባሉት ክቦች መሀል ያሉት ነጥቦች ጋ ያልቃል። የመስመር ዳኛው ማን እንደቀደመ እዚያው ይወስናል፤ እኩል ከሆኑ ለተከላካዩ ይፈረዳል። አጥቂው ከቀደመ ዳኛው እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ጨዋታው እንዲቀጥል ያደርጋል። ይህ ለውጥ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ አንድም አጥንት ሳይሰበር ሊመጣ ይችል ነበር።

ለሕጉ ጥርስ ያበቀለለት ግን የ2005ቱ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት የደከመ ቡድን ፓኳን ጠልዞ፣ በፊሽካው ተጠቅሞ ትኩስ ተጫዋች ያስገባ ነበር። አሁን አይሲንግ የሠራ ቡድን ተጫዋች መቀየር አይችልም። ሆኪ ተጫዋች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተቀያይሮ የሚጫወትበት ስፖርት ነው። ትንፋሽ ያጠራቸው አምስት ሰዎች በረኛቸው ፊት ለፊት ቆመው ከወንበር የተነሡ አምስት ሰዎችን ይገጥማሉ። በ2017 አይሲንግ ከሠሩ በኋላ የእረፍት ሰዓት መጠየቅም ተከለከለ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ፓኳ በየትኛው ክብ እንደምትጣል የሚመርጠው አጥቂው ቡድን ነው።

የጨዋታው መጨረሻ ላይ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። በአንድ ጎል የሚመራ ቡድን ተጋጣሚው በረኛውን አስወጥቶ ስድስተኛ አጥቂ ሲያስገባ ባዶውን ጎል ከሩቅ ያያል። ከራሱ ክልል ቢሞክርና ቢያገባ ጨዋታው አለቀ። ለጥቂት ቢስት ግን አይሲንግ ነው፤ እነዚያው የደከሙ አምስት ሰዎች ስድስት አጥቂ ፊት ይቆማሉ። ስለዚህ ብዙ አሠልጣኞች ተጫዋቾቻቸው መጀመሪያ ቀዩን መስመር እንዲያልፉ ያዛሉ።