ግንደ ሕዋስን በኬሚካል ወደ ቆሽት ሕዋስ መቀየር

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። የሰውነት መከላከያ የገዛ ቆሽቱን ያጠቃል፤ ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሕዋሳት ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለ መርፌ መኖር የለም።

ጣጣው መወጋቱ ብቻ አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ደሴ ላይ ብርዱ ትንሽ ያግዛል፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ይበረታል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልሎ፣ እርጥብ አሸዋ የከበበው ገንቦ ውስጥ ያኖረዋል።

ታዲያ ያለቀውን ሕዋስ መተካት አይቻልም ወይ? ተመራማሪዎች የያዙት ይህንን ነው። ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባለው ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ሕዋስ ነው። ቆዳም፣ ልብም፣ ቆሽትም ሊሆን ይችላል። መንገዱን የሚያሲዙት ኬሚካሎች ናቸው፤ በየደረጃው እየተቀያየሩ ይጨመሩለታል። መጀመሪያ ቺር 99021 የተባለው ውህድ አክቲቪን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሆኖ አንጀት፣ ጉበትና ቆሽት ወደሚወጡበት ወገን ይመራዋል። ቀጥሎ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ ወደ ቆሽት ያዞረዋል። ሳንት 1 የተባለው ውህድ ደግሞ ቆሽት እንዳይፈጠር የሚያግደውን ምልክት ይዘጋል። ወደ መጨረሻው የታይሮይድ ሆርሞን ይገባል። ሁሉም አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። መጠኑ ወይም ሰዓቱ ከተዛባ ሕዋሱ ጉበት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እንደ ቺር 99021 እና ሳንት 1 ያሉ ትናንሽ ውህዶች ከፕሮቲን ይረክሳሉ፣ ቶሎም አይበላሹም። እንደኛ አገር ላለ ታማሚ ተስፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለት ልጆቹ የስኳር ታማሚ የሆኑበት የሃርቫርዱ ዳግላስ ሜልተን ከባልደረቦቹ ጋር ስኳር ሲጨምር ኢንሱሊን የሚያመነጩ የሰው ሕዋሳትን በብዛት መሥራቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በ2024 ደግሞ ቻይና ውስጥ ከአንዲት የ25 ዓመት ሴት ስብ የተወሰዱ ሕዋሳት በኬሚካል ብቻ ወደ ግንደ ሕዋስነት መመለሳቸው ተዘገበ። ከዚያ ወደ ቆሽት ሕዋስ ተቀይረው ሆዷ ጡንቻ አካባቢ ተተከሉላት። ከ75 ቀን በኋላ የኢንሱሊን መርፌ አቆመች።

ሆኖም ሴትየዋ ቀድሞም ጉበት ተተክሎላት የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ አዲሶቹ ሕዋሳት ያልተጠቁት በዚሁ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሰውን ለቲቢና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች ያጋልጣል። ስለዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ታማሚ «ስቴም ሴል መጣልህ» ቢሉት መርፌውን እንዳያቋርጥ፤ ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ይገድላል። አሁን ከባዱ ምርምር የሚተከለውን ሕዋስ ያለዚያ መድኃኒት ከሰውነት መከላከያ መሰወር ላይ ነው።