ደንገጎን በዜሮ ማርሽ መውረድ ናፍጣ አይቆጥብም

ደንገጎ ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ የሚያወጣው ረጅም ዳገት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የከባድ መኪና ጋራዥ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም፦ «ዳገቱ ላይ የበላብኝን ናፍጣ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ለቅቄ አካክሰዋለሁ።» የሃያ ዓመት ሹፌርም ይለዋል፣ መንጃ ፈቃዱ ገና ያልደረቀውም ይለዋል። ረዳቱ ከሹፌሩ ይሰማል፣ ነገ መሪ ሲይዝ እሱም ያደርገዋል። እኔ ሰልችቶኛል። ወደ ዜሮ ማርሹ፣ ማለትም ማርሹን ነቅሎ ሞተሩን ከጎማው ለይቶ ወደ መውረዱ፣ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ላንሳ።

«ጥቁር ጭስ ካልወጣ ጉልበት የለውም» ይባላል። ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ የራስህ ናፍጣ ነው። ደንገጎ አናት ላይ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ ሲነፃፀር ሃያ በመቶ ገደማ ይሳሳል። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ፖምፓ ስታስከፍት የምትጨምረው ናፍጣ እንጂ አየር አይደለም። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እየው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የደወሌ መስመር አቧራ ደፍኖት ይሆናል።

«ድሬ ሙቀት ስለሆነ የጎማ ንፋስ ቀነስ አድርግ።» ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለካ።

«ነጭ ጋዝ ቀላቅልበት።» አትቀላቅል። ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው።

«ማስነሳት ስለሚበላ አወዳይ ላይ ሳላጠፋ እቆማለሁ።» ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል። ቱርቦው እንዲበርድ ጥቂት ደቂቃ ስጠውና አጥፋው።

«ከታች ተንደርድረህ ግባ፣ ግማሹን በግፊት ትወጣዋለህ» የሚለው ለአጭር ዳገት ይሠራል። ለደንገጎ ግን ሂሳቡን እንሥራው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ገደማ ላይ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግፊቱ ብቻ ከፍ የሚለው 14 ሜትር ነው። ባዶም ሆነ ጭነት ያለው፣ ልዩነት የለውም። ቀሪውን 780 ምናምን ሜትር የሚያወጣህ ናፍጣ ነው። አንድ ቶን ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ግማሽ ሊትር ናፍጣ ይሄዳል፤ ይህን ጎበዝ ሹፌርም አያስቀረውም። ከልክ በላይ ጭነህ ስለ ቁጠባ አትጠይቀኝ።

ሹፌር ማትረፍ የሚችለው ማርሽ ላይ ነው። ብዙዎች «ማርሽ ከቀነስኩ ዙር ይጨምራል፣ ዙር ከጨመረ ይበላል» ብለው ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ ይጠብቃሉ። ፔዳሉ ወለል ነክቷል፣ ዙሩ በደቂቃ ከ1,000 በታች ወርዷል፣ ጭሱ ጠቁሯል፣ የውሃው ሙቀት እየወጣ ነው። ይህ ቁጠባ አይደለም። አብዛኛው የከባድ መኪና ሞተር ደህና የሚጎትተው ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ባለው መሃል ነው። ከዚያ በታች ሊወርድ ሲል ቀንስ። 1,400 ላይ ሳይጨነቅ እየጎተተ ከሆነ ደግሞ አትንካው፤ 2,000 ዙር ላይ እያስጮህክ መውጣትም ብክነት ነው።

አሁን ወደ ዜሮ ማርሽ። ሹፌሮችን የሚያሳስታቸው ጆሯቸው ነው። በማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ይጮሃል፤ የጮኸ ሞተር ሁሉ የሚበላ ይመስላቸዋል። ግን እግርህ ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ተነስቶ መኪናው በማርሽ ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፖምፓው ናፍጣውን ይዘጋዋል። ጩኸቱ የአየር ነው። ዜሮ ላይ ስታደርገው ግን ጎማው ሞተሩን ይለቀዋል። ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ናፍጣ መጠጣት አለበት። ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ከወሰደብህ አንድ ሊትር ገደማ ጠጥቷል። በማርሽ ብትወርድ ከዚያ አብዛኛው ይቀርልህ ነበር።

«አቦ፣ እሱ ለአዲሶቹ ነው፣ የኔ የድሮ ፖምፓ ነው» ይሉኛል። የድሮውም ፖምፓ ዙሩን የሚቆጣጠር ክፍል አለው። እግርህን ስታነሳና ዙሩ ከሚኒሞ (ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ካለው ዝቅተኛ ዙር) በላይ ሲሆን እሱም ይዘጋል። ፍጆታ የሚያሳይ ዳሽቦርድ ያለው መኪና ካገኘህ ቁልቁለት ላይ እግርህን አንሳና እየው፤ ዜሮ ይላል። አንዳንድ አዳዲስ የአውሮፓ መኪኖች ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ራሳቸው ማርሽ እንደሚለቁ አውቃለሁ። እነሱን ኮምፒውተር ይጠብቃቸዋል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ማርሹን ይመልሳል። ደንገጎ ለስላሳ ቁልቁለት አይደለም፤ አንተ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ማርሹን ላስገባ ብትል ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አይቀበልህም።

ሞተሩ ያልያዘውን ክብደት የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ከ800 ሜትር ላይ የወረደ 40 ቶን የሚያወጣው ሙቀት በአስር የሚቆጠር ሊትር ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት ይጨርሳል። ያ ሁሉ ታምቡር ላይ፣ ከጎማው ጋር በሚዞረው የፍሬን ከበሮ ላይ፣ ያርፋል። ሞተሩ በሚኒሞ ስለሚዞር ኮምፕረሰሩም ለፍሬኑ የተጠቀምክበትን ንፋስ ቶሎ አይሞላልህም። ባለፈው ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ በዚሁ በዜሮ ማርሽ ወርዶ ጋራዥ ገባ። ጎማውን ስንፈታ ታምቡሩ ሰማያዊ ሆኗል። የፍሬን ሸራው በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። ረዳቱ መንገድ ላይ «እንዲበርድ» ብሎ ውሃ ደፍቶበት ኖሮ ታምቡሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሹፌሩ ልጆች አሉት። ለአንድ ሊትር ናፍጣ ሲል፣ ያውም ላላተረፈው።

ስለዚህ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ደንገጎ አናት ላይ ምረጥ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል፤ የዛሬዎቹ ሞተሮች ጉልበተኛ ስለሆኑ አንድ ዝቅ ብትል ይሻላል። ሞተር ፍሬን ካለህ ከላይ ጀምረህ ክፈተው። ፍሬኑ ላይ እግርህን አስቀምጠህ አትውረድ፤ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቅ። ከሸተተህ ሰፋ ያለ ቦታ ቁም፣ ታኮ አስገባ፣ ውሃ አታስነካው። በራሱ ጊዜ ይብረድ፤ ጭነቱ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ባለቤቱን እኔ አስረዳዋለሁ።