በጎንደር ባለቤት አልባ ውሾችን ማቆየትና ለአሳዳጊ ማስረከብ

በጎንደር ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ ሰፈር ሲጠጋ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው እሱ ነው። ቡችላ ብዙውን ጊዜ አይገዛም፤ የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ይለመናል። ከጎዳና የተነሳን ቡችላ ለጊዜው አቆይቶ ለዘለቄታው ለሚያሳድገው ሰው ማስረከብም ከዚህ መልካም ልማድ የሚቀጥል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው አንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎችን ያፈራል።

ከጎዳና የመጣ ቡችላ ለ14 ቀን ከሌሎች ውሾች ተለይቶ ይቀመጣል። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ምልክቱ የሚታየው ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሲመጣ የሚፈነጭ ቡችላ በሳምንቱ ሊወድቅ ይችላል። ምግብ እምቢ ማለት፣ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ክፉኛ የሚሸት ተቅማጥ ከታዩ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ የሚገድለው በዋናነት የፈሳሽ እጥረት ነው። ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፣ አልኮልም አያጠፋውም። ወለሉ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበትና 10 ደቂቃ ይቆያል። ቆሻሻው ሳይነሳ በረኪና ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው።

የትል መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ነው። ቡችላውን ታቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ የራስን ክብደት መቀነስ ይበቃል። ለመዥገርና ለቁንጫ ተብሎ ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት በግምት መቀባት ግን ቡችላን ሊገድል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምግብ ላይ ነው። ከወጥ የተረፈ እንጀራ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት ደግሞ ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ድድ ከነጣና ሽንት ከጠቆረ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ሽንኩርትና በርበሬ ያልገባበት ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚበሳ አይሰጥም። የታረደ ከብት ወይም በግ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ የትል እጭ ስለያዘ ጥሬውን ለውሻ መወርወር የትልን ዑደት ያስቀጥላል፤ ትሉ ከውሻው ተመልሶ ሰውን ይይዛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሉካንዳው ሲዘጋ በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ይጎዳል፤ ለእሱ የተቀቀለ እንቁላል ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ምስር ብቻውን አይበቃውም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚጀመረው በሦስት ወር ዕድሜ ሲሆን፣ በዓመቱ ይደገማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበልና የባህል መድኃኒት የሚሻም ክትባቱን ማስቀደም አለበት፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው። የነከሰው ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1972 ጤነኛ በሚመስሉ ውሾች ምራቅ ውስጥ ቫይረሱ መገኘቱን አሳይተዋል። ስለዚህ ውሻው ደህና ይመስላል ብሎ ክትባቱን ማዘግየት አይገባም።

ማምከን ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር አካባቢ ይደረጋል። የመከነ ውሻ አይጠብቅም የሚሉ አሉ፤ ጥበቃው ግን በአብዛኛው ከአስተዳደጉ የሚመጣ ይመስላል።

ቡችላ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይም። ከማስረከብ በፊት የአዲሱ ቤት አጥር ቀዳዳ እንዳለውና እንደሌለው ይታያል፣ በየቀኑ የሚመግበው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፣ ካልተስማሙ ውሻው ወዳቆየው ሰው እንዲመለስ ቃል ይያዛል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ለሚያስር ቤት መስጠት ተናካሽ ውሻ ማፍራት ነው። የአንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ለሚያድግ ቡችላ በየሳምንቱ ይፈተሻል። በጥምቀት ሰሞን ማስረከብ አይመከርም፤ ከበሮው፣ ተኩሱና የሕዝቡ ብዛት አዲስ ቤት የገባውን ውሻ ያስበረግገዋል። ቀድሞ የተረከበ ሰው ከከተራ ጀምሮ በሩ በተዘጋ ክፍል ያቆየዋል።