«ቀዳዳው ከገባ ይሠራል» እና ሌሎች ስሕተቶች፦ የአሮጌ መለኪያ መሣሪያዎችን ኪቦርድ ስለመፈለግና መልሶ ስለመሥራት

ባለፈው ክረምት አንድ የድሮ ስፔክትረም አናላይዘር እጄ ገባ። የሬዲዮ ሞገድን በየፍሪኩዌንሲው ለይቶ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ የኤችፒ 8590 ቤተሰብ። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ካስወገደው ዕቃ የወጣ ነው። ከኋላው የኪቦርድ መሰኪያ አለው፣ ኪቦርዱ ግን የለም። የጨረታ ዕቃ ወትሮም እንዲህ ነው፤ ዋናው ይመጣል፣ ተከታዩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ፍለጋ ወጣሁ። በየሄድኩበት ምክር አላጣሁም፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነበር። ጥቂቱን የተናገርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

«ከውጭ ካላስመጣኸው አታገኘውም»

ይህን የነገረኝ በሙያው ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነው። እውነቱ ግን የመለኪያ መሣሪያ አምራቾች ኪቦርድ ራሳቸው ለመሥራት ብዙም አይደክሙም ነበር፤ በዘመኑ ገበያ ላይ ያለውን የኮምፒውተር ኪቦርድ ይቀበሉ ነበር። የእኔው 8590 የሚፈልገው ተራ የኤቲ ኪቦርድ ነው (ኤቲ ከአይቢኤም የድሮ ኮምፒውተሮች የአንዱ ስም ነው)፤ በስክሪኑ ላይ ርእስ ለመጻፍና ትእዛዝ ለማስገባት። እንዲህ ያለው ኪቦርድ ደግሞ በአንድ ወቅት በየቢሮው ነበር።

ስለዚህ የሄድኩት ምን አለሽ ተራ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሰች ወዲህ ድሮ የማውቃቸው ጠጋኞች ስለተበታተኑ፣ የቀረኝ በር መርካቶ ነበር። አንዱ ልጅ ከቆርቆሮና ከፋን ክምር ሥር አራት ኪቦርድ ጎትቶ አወጣና «ጋሼ፣ የሚሠራውን ነው የማይሠራውን?» አለኝ። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም፤ የማይሠራውን ለፕላስቲኩ የሚገዛ አለ።

እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ሥሩን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያኑ) የተሠሩ ብዙ ኪቦርዶች ከሥራቸው ትንሽ ማንሸራተቻ አላቸው፤ በአንድ በኩል «ኤክስ»፣ በሌላው «ኤ» ተጽፎበታል። ያቺን ማንሸራተቻ ካገኘህ ሁለት ኪቦርድ አገኘህ ማለት ነው። ምክንያቱን ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

«ቀዳዳው ከገባ ይሠራል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጣውም ይኸው ነው። የድሮው ኪቦርድ መሰኪያ ክብ፣ ባለ5 እሾህ ነው። ይኸው መሰኪያ በድሮ ቴፕ ላይ አለ፤ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሚዲም የሚጠቀመው እሱኑ ነው። መግባቱ ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ሁሉም የኮምፒውተር ኪቦርድ ቢሆኑ እንኳ ቋንቋቸው ሁለት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው ፒሲና ከተከታዩ ኤክስቲ ጋር የሚሄደው ኪቦርድ ተናጋሪ ነው፤ የተነካውን ቁልፍ ይናገራል፣ ከማሽኑ ግን ትእዛዝ አይቀበልም። በ1984 ኤቲ ሲመጣ ኪቦርዱ መስማትም ጀመረ። ቋንቋው ተቀየረ፣ መሰኪያው ግን እንዳለ ቀረ። መከራው የመጣው ከዚህ ነው። ማንሸራተቻ ያለው ኪቦርድ ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል፤ «ኤክስ» ላይ ስታደርገው ኤክስቲ፣ «ኤ» ላይ ስታደርገው ኤቲ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። የእንግሊዝኛውን «ኤ» ፊደል ስትጫን የኤክስቲ ኪቦርድ 30 ቁጥርን ይልካል፤ ስትለቀው 158። ኤቲው ግን ስትጫን 28፣ ስትለቀው መጀመሪያ 240 ቀጥሎ 28 ይላል። ኤክስቲውን ኤቲ ከሚጠብቅ መሣሪያ ጋር ብታገናኘው ቁጥሩን ተሳስቶ እንኳ አያነበውም፤ የመልእክቱ ርዝመት ራሱ ስለሚለያይ ከመጀመሪያው አይግባቡም።

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ይለየዋል። በክሎክ መስመሩ (የመልእክቱን ምት በሚመታው ሽቦ) ላይ ፕሮቡን አድርገህ አንድ ቁልፍ ተጫን። 11 ጥርስ ከቆጠርክ ኤቲ ነው፦ አንድ መነሻ፣ ስምንት ዳታ፣ አንድ ማጣሪያ፣ አንድ መዝጊያ። ዘጠኝ ወይም አሥር ከሆነ ኤክስቲ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ግማሽ ቀን መሣሪያውን ስወቅስ ውያለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። በ1987 የመጣው የአይቢኤም ፒኤስ ቱ ኮምፒውተር መሰኪያውን አሳንሶ ባለ6 እሾህ አደረገው፤ ቋንቋው ግን የኤቲው ነው። ስለዚህ «አይገባም» ብለህ የተውከው ኪቦርድ ምንም ኤሌክትሮኒክስ በሌለው ተራ አዳፕተር ይሠራል። ከዩኤስቢ ወደ ፒኤስ ቱ የሚቀይረው ትንሽ ጫፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውስጡ ሽቦ ብቻ ስለሆነ የሚሠራው ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያውቅ ተደርጎ ለተሠራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኪቦርዱን ከመሰካትህ በፊት መሣሪያውን አጥፋ። የ8590 መመሪያ ይህን በማስጠንቀቂያ ነው የሚጽፈው።

«ቴስተሩ ቢፕ ካላለ ቁልፉ ሞቷል»

ከመርካቶ ካመጣኋቸው አንዱ ስትጫነው ለስለስ ያለ፣ ድምፅ የሌለው ነበር። ጓደኛዬ ቴስተር አምጥቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለካ፤ አንዱም ቢፕ አላለም። «ይኼ አልቆለታል፣ መልስላቸው» አለኝ።

ዓይነቱ በስፖንጅና በፎይል የሚሠራው ነው። በየቁልፉ ሥር ክብ ስፖንጅ አለ፤ በስፖንጁ ጫፍ ደግሞ ስስ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ተለጥፏል። ቁልፉ ሲወርድ ብረቱ በቦርዱ ላይ ካሉት ሁለት ገጾች ጋር ይቀራረባል እንጂ አይነካካም። ቦርዱ የሚያነበው የካፓሲታንስ ለውጥን ነው፤ ብረቶች ሳይነካኩ ሲቀራረቡ የሚይዙት ቻርጅ ይጨምራል። ታዲያ ቴስተር በምን ቢፕ ይበል? አዲስ ሆኖ ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም አይልም ነበር።

ብሎኑን ፈትተን ስንከፍተው ስፖንጁ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ጠርዝ ተፈርፍሮ እጃችን ላይ ቀረ። ቦርዱ ግን ጤነኛ ነበር። የዚህ ዓይነት ኪቦርድ በሽታው ይኸው ነው፤ ዕድሜ ስፖንጁን ይበላዋል፣ የቀረው ይተርፋል። አንድ ጫማ ሠሪ መብሻውን አውሶኝ ከስስ ስፖንጅና ብረት ከተቀባ ፕላስቲክ ክብ ክብ እየበሳሁ ለጠፍኩ። ፕላስቲኩ ወደ ቦርዱ፣ ብረቱ ወደ ስፖንጁ መሆን አለበት። መቶ አንድ ቁልፍ ነው፤ ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ጣቴ ላይ የቀረው ሙጫ ሳምንት።

በመሣሪያው ፊት ላይ ያሉት የጎማ ቁልፎች ደግሞ ሌላ ናቸው። እነሱ በእርግጥ ይነካካሉ፤ በጎማው ሥር ያለው ጥቁር ካርቦን በቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ያገናኛል። ካርቦን ግን እንደ መዳብ አይደለም፤ ጤነኛው እንኳ ብዙ አስር ወይም መቶ ኦም ስለሚያሳይ የቴስተሩ ድምፅ ዝም ሊል ይችላል። የኦም ንባቡን እንጂ ቢፑን አትመን። ይበልጥ ቀላል ፈተናም አለ፦ ጎማውን አንሥተህ ሁለቱን መስመሮች በቁራጭ ሽቦ አገናኝ፤ መሣሪያው ከተቀበለ ጥፋቱ የጎማው ነው። ጎማውን በአይሶፕሮፒል አልኮል በቀስታ ጥረገው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ የሚፍቁት ቆሻሻውን ሳይሆን ካርቦኑን ነው።

«ኮፒ ማድረግ ማለት በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ነው»

ሥዕሉ ስለሚያምር ይመስለኛል ሰው እዚህ ላይ የሚቸኩለው። ፕላስቲኩ የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው ንግግሩ ነው፦ በየትኛው ሽቦ፣ በስንት ቮልት፣ ምን ቁጥር እንደሚላክ።

የቁልፎቹ አሠራር ራሱ አያስቸግርም። 64 ቁልፍ 64 ሽቦ አይፈልግም፤ 8 በ8 አድርገህ ብትደረድራቸው 16 ይበቃል። በየቁልፉ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ካላስገባህ ግን ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲነካ ያልተነካ አራተኛ ይታያል። እሱን ለአንዲት ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር (በፕሮግራም ለምትታዘዝ ትንሽ ቺፕ) ሰጥተህ የኤቲውን ቋንቋ እንድትናገር ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ የሚረሳው ወደ መሣሪያው የሚሄዱት የክሎክና የዳታ መስመሮች ወደ ታች፣ ወደ 0 ቮልት፣ ብቻ የሚጎተቱ መሆናቸው ነው፤ ወደ ላይ የሚመልሳቸው ሬዚስተር ነው። ቺፗ በጉልበት ወደ 5 ቮልት ከገፋቻቸው ሁለቱ ወገኖች ይጋጫሉ። በ3.3 ቮልት የሚሠሩትን ደግሞ ያለ መቀየሪያ 5 ቮልት ላይ አትስካ።

በእውነት ብርቅ የሆኑት እንደ ኤችፒ ኤችአይኤል፣ ኤችፒ ለራሱ ማሽኖች እንዳወጣው የኪቦርድ ማገናኛ፣ ያሉት ናቸው። መሰኪያው የስልክ ይመስላል፤ በአንድ መስመር ላይ እስከ 7 ዕቃ በሰንሰለት ይያያዝበታል፤ የሚሰጠው ኃይል ደግሞ 12 ቮልት ነው። እኔ «ኪቦርድ እኮ ነው፣ ከ5 አያልፍም» ብዬ ሳልለካ ሰካሁ። ሦስት ቀን የበየድኩት ቦርድ ጢስ ሆኖ ወጣ። ለካሁት፣ ግን ከጢሱ በኋላ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሁለት ቁልፍ ከጎደለ ያኔ ፕላስቲኩ ይመጣል። ለአንድ ቁልፍ ከማተም ይልቅ ከጤነኛው ጎረቤቱ በሲሊኮን ቅርጽ ወስዶ ሬዚን ማፍሰስ ይሻላል፤ የሚገጥምበት ሥር ልኩን ይይዛል። ፊደሉ ግን አይቀዳም። በጥሩዎቹ ኪቦርዶች ፊደሉ የተቀባ ሳይሆን በሌላ ቀለም ፕላስቲክ የተሞላ ስለሆነ፣ አዲሱ ሁልጊዜ እንግዳ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ አያሳፍረኝም።

«ቢጫ ከሆነ አርጅቷል፣ ካነጣኸው ታድሷል»

ቢጫነቱ የፕላስቲኩ ነው፤ ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር አይገናኝም። የፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበትን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት በእርግጥ ያነጣዋል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ተመልሶ ሊበልዝ ይችላል፤ ከበዛበት ደግሞ ነጠብጣብ ያወጣል። ለሽያጭ ካልሆነ አልደክምበትም።

«ኪቦርድ የሌለው መሣሪያ ለመለዋወጫ ይፈርስ»

ይህን የሚሉት ከተሸጠው ኪሎ የሚያገኙት ናቸው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን መሣሪያዎች ከኋላቸው ጂፒአይቢ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አይኢኢኢ 488 ተብሎ ደረጃ የወጣለት ሰፊ መሰኪያ። በኪቦርድ የሚገባው ርእስና ትእዛዝ በእሱ በኩል ከኮምፒውተር ይላካል። ኪቦርዱ እስኪገኝ መሣሪያው ሥራ አይፈታም።

የእኔው አሁን በስፖንጁ ኪቦርድ ይጻፍበታል። አንድ ቆራሌ ግን ወሬውን ሰምቶ በየሳምንቱ በሬን ያንኳኳል፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ከባዱን አመጣሁልህ» ይላል። ያመጣውን ሁሉ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ካመጣቸው አራቱ አንደኛው ማንሸራተቻ ነበረው፤ ተሰብሮ «ኤክስ» ላይ ቀርቷል።